ዓለም የሚለው ሁሉ

አራሚዋ በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር ትጠብቅ ነበር። አንደኛው የአራተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ወደ ማተሚያ ቤት መግባቱ ነው፤ ሁለተኛው የአንድ ልጇ መውለድ። መጽሐፉ ሦስት ሳምንት ዘግይቷል። ልጇም ሐኪሙ ከቆረጠላት ቀን አራት ቀን አሳልፋለች። ሁለቱም ዛሬ ነገ እያሉ ልቧን አድርቀውታል።

በመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «እትዬ ሰረዝ» ነው የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለ ቦታዋ ገብታ በእሷ ጠረጴዛ አልፋ አታውቅም ይባላል። ስሙ መጀመሪያ የወጣው ለቀልድ ነበር፤ ቆይቶ ግን አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች እውነተኛ ስሟ እየመሰላቸው በደብዳቤ ላይ ሳይቀር ይጽፉት ጀመር። እሷም አልጠላችውም።

መጽሐፉን ያዘገየው አንድ ቃል ነው። ደራሲው ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ፀሐይና ስለ ከዋክብት ሲያወሩ፣ ያለውን ነገር ሁሉ ጠቅልለው «ዓለም» ብለው ጠርተውታል። «ዓለም ዳር የላትም፤ ዓለም በየጊዜው እየሰፋች ትሄዳለች» ይላል ገጽ ዘጠኝ። መጽሐፉን የሚያጸድቀው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ይሄን አልወደደውም። ዓለም ማለት ምድርም ነው፣ ሰውም ነው፣ ደስታም ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ዓለም እየሰፋች ነው ሲባል ሰፈሩ የሚሰፋ ይመስለዋል ተባለ። አንዱ «ጠፈር» ይባል አለ። ሌላው ተነሥቶ ጠፈር ጥንት የቤት ጣሪያ ነበር፣ ታዲያ ከጣሪያው በታች ያለነው የት ልንገባ ነው ብሎ ሞገተው። «ህዋ» የሚል መጣ፤ ህዋ ባዶው ቦታ ነው እንጂ በውስጡ ያለውን አይጨምርም ተብሎ ወደቀ። «ዩኒቨርስ» እንዳለ ይግባና እንገላገል ያሉም ነበሩ። እንዲህ እያለ ሁለት ስብሰባ አለፈ። በሦስተኛው፣ የምሳ ሰዓት አልፎ የሰው ሁሉ ሆድ መጮህ ሲጀምር፣ «አጽናፈ ዓለም» ያለ አንድም ተቃውሞ ጸደቀ።

ዋና አዘጋጁ፣ በዕድሜ ከእሷ አሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው፣ ማስታወሻውን ዘግቶ ወደ አራሚዋ ዞረና «በቃ እትዬ፣ ዓለም የሚለውን ሁሉ አጽናፈ ዓለም ያድርጉልንና ይሂድ» አላት። በመጽሐፉ መጨረሻ ባለው የቃላት መፍቻ ላይ የዚህ ቃል ትርጉም የሚገባበት መስመር ባዶውን ቀርቶ ነበር። እሱንም እርስዎ ይሙሉት ተባለች። ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ትርጉሙ ለኮሚቴ ቢቀርብ ሌላ ሦስት ስብሰባ ይፈልጋል።

ዓርብ ጠዋት አራሚዋ እንደ ልማዷ አንድ በአንድ ልትተካ ተቀመጠች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ታላቅ እህቷ ናት። የልጅቷ የእንሽርት ውሃ ፈሷል፣ ወደ ሐኪም ቤት እየወሰድኳት ነው አለቻት። አራሚዋ ከወንበሯ ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሣች። ፋይሉ ዛሬ ካልተላከ ማተሚያ ቤቱ ተራውን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቆማ እንዳለች፣ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ነክታው የማታውቀውን ነገር ነካች፤ ኮምፒውተሩ ላይ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ተጫነች። «አራት መቶ አሥራ ሁለት ቦታ ተተክቷል» የሚል መልስ ወጣ። በሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ምዕራፍ ይሄን ያህል ከየት መጣ ብላ ትደነግጥ ነበር። ያን ዕለት ግን ዓይኗ ቁጥሩን አየው እንጂ ልቧ ሐኪም ቤት ደርሶ ነበር። ፋይሉን ላከች፤ የመፍቻውን ትርጉም ማታ ለማተሚያ ቤቱ በስልክ እነግራለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ምጡ ረጅም ሆነ። ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ስልክ አጥፉ የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ አጠፋችና ቦርሳዋ ሥር ወረወረችው። እህትማማቾቹ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታላቅየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። የአራሚዋ ባል ልጅቷ በሁለት ዓመቷ ሲሞት የስፌት መኪናዋን ይዛ መጥታ እዚያው ቀረች። ልጅቷን አንዷ ስታስጠና ሌላዋ ስታለብስ ነው ያሳደጓት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ በሩ ተከፈተና ሁለት ነርሶች እየሮጡ ገቡ። ከዚያ ሌላ ሐኪም መጣ። እትብቱ የሕፃኗ አንገት ላይ ተጠምጥሟል የሚል ቃል ከውስጥ ሾልኮ ወጣ። አራሚዋ እህቷን ክንዷ ላይ ጨምድዳ ያዘቻት፤ እንደያዘቻት ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አታውቅም፣ በኋላ ግን የጣቶቿ ምልክት እህቷ ክንድ ላይ ሁለት ቀን ቆይቷል። በመጨረሻ የሕፃን ለቅሶ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ማስነጠስ ያለ፣ ቀጥሎ የተቆጣ፣ ቀጥሎ ሕንፃውን የሚያናጋ።

አዋላጇ ወጥታ ጭንብሏን አወረደች። ሴት ናት፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው አለች። የአራሚዋ አንጀት ራሰ። ግድግዳውን ተደግፋ ተመስገን፣ ተመስገን ስትል እህቷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣

«እኔም ይኸው ዓለም አየሁ» አለች በቀስታ።

ያልወለደች ሴት ናት፤ ቃሉ ከሆዷ ነው የወጣው። አራሚዋም ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። በዚያች ቅጽበት ግን ሃያ ስድስት ዓመት የሰለጠነ ጭንቅላቷ ያለ ፈቃዷ ሥራውን ሠራ፤ «ዓለም» የሚለውን ተካና «እኔም ይኸው አጽናፈ ዓለም አየሁ» ብሎ አሰማት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ዓለም የሚለው ሁሉ። በአንደኛው ምዕራፍ ብቻ አይደለም፤ ተከፍቶ የነበረው ሙሉው መጽሐፍ ነው። የዓለም ካርታ። የዓለም ዋንጫ። ዓለም አቀፍ። የምዕራፍ አራት መልመጃ ላይ ብርቱካን የምትመዝነው ተማሪ ስሟ ዓለም ነው። እህቷ ደስታ ያንገዳገዳት መስሏት ደግፋ አስቀመጠቻት፤ ውሃ ላምጣልሽ ስትላት አራሚዋ ስንት ሰዓት ነው ብላ ጠየቀች። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። ማተሚያ ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሠላሳ ሺህ ቅጂ።

ልጇን በበር በኩል አየቻት፤ ላብ ያወዛው ፊት፣ የደከመ ፈገግታ፣ ደረቷ ላይ የተጠቀለለ ነገር። ገብታ ግንባሯን ሳመቻት፣ ሕፃኗን ሳመቻት፣ ለእህቷ መጣሁ አለችና እግሬ አውጪኝ አለች። ስልኳን ታክሲ ውስጥ ለመክፈት ሞከረች፤ ባትሪው ስታጠፋውም ሊያልቅ ነበርና አልነሣ አላት።

መንገዱን ሙሉ መጽሐፉን በልቧ ስታነብ ሄደች፤ አንዱን ስትረሳው ሌላው ይመጣባታል። «በአጽናፈ ዓለም ላይ ሰባት አህጉራት አሉ።» «አጽናፈ ዓለም ሦስት ብርቱካን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች።» ዓርብ ጠዋት አንድ በአንድ የተካቻቸው አምስት ቦታዎችም ነበሩ፤ እነሱ አሁን «አጽናፈ አጽናፈ ዓለም» ሆነዋል። ባለታክሲው በመስታወቱ እያያት አመመዎት እንዴ ብሎ ጠየቃት።

የማተሚያ ቤቱ ግቢ በር ላይ ስትደርስ የማሽኑን ድምፅ ሰማች። በአስፋልቱ በኩል እግሯ ድረስ ይሰማል። ዘበኛውን ሰላም ሳትል አልፋ፣ በቀለምና በነጭ ጋዝ የሚሸተውን አዳራሽ አቋርጣ፣ ማሽኑ ወረቀት የሚተፋበት ጫፍ ላይ ደረሰች። የሚወጣውን አየችው። አረንጓዴ አበባ። ሌላ አረንጓዴ አበባ። የሳሙና መጠቅለያ ነው።

ከኋላዋ አንድ ሰው «እትዬ ሰረዝ አይደሉም?» አላት።

ዞረች። ፎርማኑ ነው። አሥራ አምስት ዓመት በስልክ ተነጋግረዋል፤ በአካል የተያዩት ግን ሁለቴ ቢሆን ነው። ድምፁን ባታውቀው ኖሮ ሰውየውን አትለየውም ነበር፤ ሸብቷል፣ መነፅሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። መጽሐፉስ ልትለው አፏን ከፈተች። እሱም ቀድሞ ገባውና፣ አጠገባቸው ያለውን የወረቀት ቁልል በእጁ መታ መታ አድርጎ ተቀመጡ አላት።

«አልታተመም» አለ። «አንዲት ወረቀት አልወጣችም።»

እዚያው ቁልሉ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው ሐኪም ቤት ያላለቀሰችው ለቅሶ የመጣው። ፎርማኑ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዙሮ አንድ የማያስፈልግ ቡሎን ሲያጠብቅ ቆየላት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፎርማኑ ማሽን ከማስነሣቱ በፊት ከየምዕራፉ አንድ አንድ ገጽ የማንበብ ልማድ አለው። ማንም አላዘዘውም፤ እንዲያው ያነበበውን ሲያትም እጁ ይረጋል። ጠዋት መጀመሪያ ያነሣው ገጽ የብርቱካኑ ነበር። አጽናፈ ዓለም የምትባል ልጅ ብርቱካን ስትመዝን ሲያይ አዲስ ስም ወጥቶ ይሆናል ብሎ አለፈው። ቀጥሎ «አጽናፈ ዓለም አቀፍ የውሃ ቀን» የሚል መጣ። ይሄ የእትዬ ሰረዝ እጅ አይደለም ብሎ ወረቀቱን አስቀመጠ። ስልኳ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ዝግ ነው። ዋና አዘጋጁ ጋ ደወለ፤ እሱም ከከተማ ወጥቷል። ስለዚህ በራሱ ሥልጣን መጽሐፉን አውርዶ የሳሙናውን መጠቅለያ አስቀደመ። ባለ ሳሙናው ተራው ሰኞ ስለነበር የመረቀው ምርቃት ለሁላችንም ይበቃል አላት።

አራሚዋ ሳቀች። ሳቋና እንባዋ ተደባልቀው አፍንጫዋን ስትጠርግ ልጇ መውለዷን ነገረችው። ፎርማኑ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጨበጣትና ለሕፃኗ ዕድሜ ተመኘላት፤ ከዚያ ፕሌት የሚባለው የማተሚያ ሰሌዳ ወደሚዘጋጅበት ክፍል ይዟት ገባ። ኮምፒውተር አለ፣ ሻይ በቴርሞስ አለ። ለእርማቱ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ።

አሁን አንድ በአንድ ሆነ። እሱ ከወረቀቱ ያነባል፣ እሷ ትፈርዳለች።

«የአጽናፈ ዓለም ካርታ።»

«ይመለስ።»

«የነፍሳት አጽናፈ ዓለም። ጉንዳንና ንብ ነው።»

«ይመለስ።»

«አጽናፈ ዓለም በየጊዜው እየሰፋች ትሄዳለች።»

«እሱ ይቆይ። እሱ በቦታው ነው።»

እየቆየ እንደ ጨዋታ ሆነላቸው። «ዓለማችን» እና «ዓለሙ» የሚሉት «ም» የሚለው ፊደላቸው ስለተለወጠ ማሽኑ ሳያያቸው አልፏል። ከሁሉ የገረማት ግን ሌላ ነው። የደራሲው ጸሐፊ አንዳንድ ቦታ ዓለምን በአልፋው አ «አለም» እያለች ጽፋዋለች። አራሚዋ ዕድሜ ልኳን ስትዋጋው የኖረችው ግድፈት ነው፤ ዛሬ ግን ሠላሳ ሰባት ቦታ ላይ መጽሐፉን ያዳነው እሱ ሆነ። ስታርመው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቆጣ አረመችው።

የመታሰቢያው ገጽ ላይ ሲደርሱ ፎርማኑ ቆም አለ። «የደስታዬ አጽናፈ ዓለም ለሆነችው ባለቤቴ» ይላል። ይሄስ እንዲሁ ቢቀር፣ ሴትየዋ ደስ ይላቸዋል እኮ አላት። አራሚዋም አመነታች፤ ግን ሰው ለሚስቱ የጻፈውን ማሻሻል የእኔ ሥራ አይደለም ብላ መለሰችው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የቃላት መፍቻው ጋ ደረሱ። ባዶው መስመር እዚያው አለ። ፎርማኑ ጣቱን አሳረፈበት።

«እኔ ያልገባኝ ነገር አለ» አለ። «አጽናፍ ማለት ምንድን ነው?»

ጽንፍ ሲበዛ ነው፣ ጽንፍ ደግሞ ዳር ነው፤ አጽናፈ ዓለም ቃል በቃል ሲፈታ የዓለም ዳርቻዎች ማለት ነው ብላ አስረዳችው። ፎርማኑ መነፅሩን አወለቀ።

«ገጽ ዘጠኝ ላይ ዳር የላትም ትላላችሁ። ስሙ ግን ዳር ነው። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ ቢጠይቅ አስተማሪው ምን ሊል ነው?»

አራሚዋ ይሄ ጥያቄ ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ውል ብሎባት ነበር፤ የተራበ ኮሚቴ ፊት ማንሣት ደግ ስላልመሰላት ዋጠችው። አሁን ሻይዋን ፉት እያለች አሰበች።

«ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁ ያለ ሰው» አለች ቆይታ፣ «መሃሉን ሳይጠርግ ተወው ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«ሰፈሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀዋለሁ ያለስ?»

«መሃሉንም ያውቃል።»

«በቃ እንደዚያ ነው። ድሮ ሰዎች ሁሉንም ለማለት ሲፈልጉ ዳር ዳሩን ጠሩ። ዳሩን የጠራ መሃሉን ትቶ አይደለም። ዳሩ የት እንደሆነ ግን ያኔም አላዩትም፣ አሁንም ያየው የለም።»

«ስለዚህ ዳሩ ባይገኝም ስሙ ይሠራል።»

«ይሠራል።»

ፎርማኑ መነፅሩን መልሶ አደረገ። ነገሩ ተመችቶታል። አራሚዋ ጻፈች፦ «አጽናፈ ዓለም፦ ምድርን፣ ፀሐይን፣ ከዋክብትንና በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ጨምሮ ያለው ነገር ሁሉ።» እሱ ጎንበስ ብሎ አነበበውና እኛስ የለንበትም ወይ ብሎ ጠየቀ። አለንበት አለችና «ባዶ ቦታ» ከሚለው ቀጥላ «እኛንም» የሚል ጨመረች። ኮሚቴው ሦስት ስብሰባ የፈራው ሥራ በአንድ ስኒ ሻይ አለቀ።

ሁሉም ሲጠናቀቅ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነበር። ፎርማኑ ሰኞ ጠዋት ይገባል አላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎም የሥራ መዝገቡ ላይ «ለእርማት ቆየ» ብሎ ብቻ እንደሚጽፍ፣ ሌላ ማንም ማወቅ እንደማያስፈልገው ነገራት። አመሰገነችው። በቢሮው ስልክ እህቷ ጋ ደወለች፤ እህቷ የልጅ ልጇን ጥላ የጠፋች ሴት ብላ ጀምራ ወቀሳውን ሳትጨርስ ሕፃኗ ጡት መያዟን፣ ሁለት ጊዜ መጥባቷንና ሐኪሙ ነገ ቤት ትገባላችሁ ማለቱን በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። አራሚዋ ሐኪም ቤት ተመልሳ የሆነውን ስታወራላት፣ ታላቅየዋ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች፤ አራሷ ግን እማዬ በናትሽ አታስቂኝ፣ ስፌቴ ይተረተራል እያለች ለመነች።

ሰኞ ጠዋት አራሚዋ የእርማት ወረቀቶቹን ይዛ ዋና አዘጋጁ ቢሮ ገባች። መዝገቡ ላይ ባይጻፍም እሷ ታውቀዋለች፤ ከዚያ ጋር መኖር አልፈለገችም። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። የተጫነችውን ነገር ስም ስትጠራ አንገቷን ደፋች። ዋና አዘጋጁ ወረቀቶቹን ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ከንፈሩን ነከሰ። ብርቱካኖቹ ጋ ሲደርስ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ግንባሩን በሩ ላይ ደግፎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሲበቃው ከመሳቢያው ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ አሳያት። «ዓለም የሚለው ሁሉ አጽናፈ ዓለም እንዲባል ተወስኗል» ይላል፤ ከሥሩ የሰባት ሰው ፊርማ አለ።

«እርስዎ ኮሚቴው ያለውን ነው የፈጸሙት» አላት። «የተሳሳትነው ሰባታችን ነን። ከሰባታችን የተሻለው ፎርማኑ ነው።»

አራሚዋ ስትገባ ድንጋይ ተሸክማ ነበር፤ ስትወጣ ቀሏት ነበር። ዋና አዘጋጁ ለፎርማኑ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ለእሷም ሁለት ሳምንት ፈቃድ ፈረመላትና «እባክዎ ዛሬውኑ ሕፃኗ ጋ ይሂዱ» አላት። ደራሲው በስልክ ሲነገራቸው አልተቆጡም። እንዲያውም ትንሽ አሰቡና፣ መታሰቢያው ላይ የነበረው ስሕተት ካልተቸገራችሁ ይመለስልኝ አሉ።

ጠረጴዛዋን እያስተካከለች ሳለ ስልኳ ጠራ። ፎርማኑ ነው። ፕሌቱ ማሽኑ ላይ ታስሯል፣ መታሰቢያውም እንደተባለው ሆኗል፣ አሁን ልናስነሣ ነው፤ እርስዎ ሳይሰሙት ባስነሣው ደስ አይለኝም አላት። ስልኩን ወደ ማሽኑ ሲያስጠጋው ተሰማት። መጀመሪያ ጉርምርምታ ነበር፣ ቀጥሎ ወረቀት ወረቀትን እየተከተለ የሚወርድበት ሻ ሻ የሚል ድምፅ መጣ፤ አንዱ ካንዱ ሳይደናቀፍ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጆሮዋን ለጥፋ፣ ድምፁ እኩል መሄዱን እስክታረጋግጥ ድረስ ሰማች። ከዚያ ስልኩን ዘጋችና መብራቱን አጥፍታ ወጣች።